«99 በመቶ ቀለም አስወገደ» ሲሏችሁ፣ «በስንት ግራም?» በሉ

የብርቱካን ልጣጭ ከውሃ ውስጥ 99 በመቶ ቀለም አስወገደ። ሰጋቱራ የማቅለሚያ ፍሳሽ አጠራ። የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሩዝ ገለፈት፣ የለውዝ ቅርፊት፣ እምቦጭ ሳይቀር... ያልተሞከረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለ ፍሳሽ ማጣራት ትንሽ ካነበባችሁ እንዲህ ዓይነት ዜና በሽ ነው። ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፤ አብዛኛው እውነት ነው። ግን ያ 99 በመቶ የሚሉት ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ቀለሙ ለምን እንዳስቸገረ እንይ። የጨርቅ ማቅለሚያ የሚሠራው እንዳይለቅ ነው። ፀሐይ ቢመታው፣ ሳሙና ቢያገኘው፣ ላብ ቢነካው ንቅንቅ እንዳይል ተብሎ። ጨርቅ ላይ እያለ ይሄ ጸባይ ይወደዳል፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ግን እዳ ነው። የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ስኳርና ስታርች ካገኙ አይምሩም፣ ማቅለሚያ ሲመጣባቸው ግን አብዛኛውን ሳይነኩ ያሳልፉታል። 1856 ላይ ዊሊያም ሄንሪ ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ለንደን ውስጥ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ለመሥራት ሲታገል ሳያስበው ሐምራዊ ማቅለሚያ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ኬሚስት የማይለቅ ቀለም ለመሥራት ደከመ። ተሳካላቸውም።

ሁሉም ቀለም ደግሞ ጨርቁ ላይ አይቀርም። ለጥጥ በብዛት የሚጠቀሙባቸው ሪአክቲቭ የሚባሉ ማቅለሚያዎች ከጨርቁ ጋር ኬሚካላዊ ትስስር ነው የሚፈጥሩት። እዚያው ገንዳ ውስጥ ግን ከፊሉ ጨርቁን ሳያገኝ ከውሃው ጋር ይያያዝና ይከሽፋል። የከሸፈ ማቅለሚያ ጨርቅ አይዝም፣ ታጥቦ ይወጣል። እንደ ማቅለሚያው ዓይነትና እንደ አሠራሩ ከ10 እስከ 40 በመቶው እንዲህ ሊባክን ይችላል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ሚሊግራም የማይሞላ ማቅለሚያ እንኳ በዓይን ሊታይ ስለሚችል፣ ወንዙ ቀይ ወይ ሰማያዊ ሆኖ ሲፈስ የምታዩት መጠኑ የግድ ብዙ ስለሆነ አይደለም።

ማየት ብቻም አይደለም ጉዳቱ። ቀለሙ ብርሃን ይከለክላል፤ ብርሃን ያጡ የውሃ ውስጥ ተክሎች ደግሞ ኦክስጅን ማምረት ያቅታቸዋል። ከዚያ ሌላ በብዛት ከሚመረቱት ማቅለሚያዎች ውስጥ አዞ የሚባለው ቡድን አለ (ከወንዙ አዞ ጋር ዝምድና የለውም)። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ሲሰበሩ ካንሰር አምጪ የሆኑ፣ አሚን የሚባሉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። ለምሳሌ ኮንጎ ሬድ የሚባለው ቀይ ማቅለሚያ ሲፈርስ ቤንዚዲን ይወጣዋል፣ ቤንዚዲን ደግሞ የፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቀለሙን ዝም ብሎ «ይበስብስ» ብሎ መተው ሁልጊዜ አያዋጣም፤ አውጥቶ መያዝ ይሻላል።

ለመያዝ ደግሞ አንዱ መንገድ አድሶርፕሽን ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው የቀለም ሞሌኪውል አንድ ጠጣር ነገር ገጽ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ቀለሙ አልጠፋም፣ አልተሰበረም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ትመጣለች።

በዚህ ሥራ ስመ ጥሩ ከሰል ነው። ቶቢያስ ሎቪትዝ የተባለ ኬሚስት ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ በ1785 ከሰል የቆሸሹ ፈሳሾችን ቀለም እንደሚያነጣ አስተዋለ፤ ብዙም ሳይቆይ ስኳር ፋብሪካዎች ነገሩን ወስደው ስኳራቸውን ማንጣት ጀመሩ። ዛሬ አክቲቬትድ ካርቦን የምንለው የዚያው የልጅ ልጅ ነው። አንዷ ግራም በውስጧ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተነሳ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ገጽ ይኖራታል። ይሠራል፣ ያውም አሪፍ አድርጎ ይሠራል። ጣጣው ዋጋው ነው። ለመሥራት ከፍተኛ ሙቀት ይፈልጋል፣ ሲሞላ መልሶ ለማደስም ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ማሞቅ ይጠይቃል፣ በታደሰ ቁጥር ደግሞ ከፊሉ እየነደደ ይቀንሳል። ሰው ወደ ልጣጭና ሰጋቱራ ፊቱን ያዞረው ለዚህ ነው። የሚጣል ነገር ነው፣ በየቦታው አለ፣ ለምን አንሞክረውም ነው ነገሩ።

ግን ልጣጭ ከሰል አይደለም። ያልተቃጠለ የእፅዋት ተረፈ ምርት አንዷ ግራም ብዙውን ጊዜ ጥቂት ካሬ ሜትር ገጽ ብቻ ነው ያላት። ታዲያ በምን ኃይሉ ነው ቀለም የሚይዘው? በገጹ ስፋት ሳይሆን ገጹ ላይ ባለው ነገር ነው። የእፅዋት አካል በዋናነት ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን ነው የተሠራው፤ የብርቱካን ልጣጭ ደግሞ ፔክቲን ሞልቶታል። እነዚህ ላይ ካርቦክሲልና ሃይድሮክሲል የሚባሉ የአተሞች ስብስቦች አሉ። ካርቦክሲሉ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅኑን ይለቅና ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ኔጌቲቭ የሆነ ገጽ ፖዘቲቭ የሆነውን ቀለም ይስባል። አለቀ፤ ዋናው ጨዋታ ይኼው ነው። ሌሎችም ትንንሽ የመሳሳብ ዓይነቶች አሉ፣ ግን ቻርጁን ከተረዳችሁ አብዛኛው ነገር ይገባችኋል።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት ብርጭቆ ይበቃችኋል። አንዱ ውስጥ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ማቅለሚያ፣ ሌላው ውስጥ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ሁለቱንም በጣም አቅጥናችሁ ጨምሩ። ሜቲሊን ብሉ እጅ ከነካ ቶሎ አይለቅምና ጓንት አድርጉ። ከዚያ በደንብ ታጥቦ የደረቀ ሰጋቱራ ሁለቱም ውስጥ እኩል እኩል ጨምሩና አንድ ሰዓት ያህል እያማሰላችሁ ተዉት። ሰጋቱራው ሲረጋ የሜቲሊን ብሉው ውሃ ፈዝዞ ታገኙታላችሁ፣ ሰጋቱራው ራሱ ሰማያዊ ሆኗል። ቀዩ ግን ያው ቀይ ነው። ለምን? ሜቲሊን ብሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። የተለመዱት የምግብ ቀለሞች ደግሞ ሰልፎኔት የሚባል ስብስብ ስላላቸው ኔጌቲቭ ናቸው፤ ኔጌቲቩ ሰጋቱራ ይገፋቸዋል እንጂ አይስባቸውም።

አሁን ወደ ዜናዎቹ ተመለሱና የተሞከረው ቀለም ምን እንደሆነ እዩ። በጣም ብዙ ጊዜ ሜቲሊን ብሉ ነው። 1876 ላይ ሃይንሪሽ ካሮ የተባለ ኬሚስት የሠራው፣ ርካሽ፣ ለመለካት የሚመች፣ ከእፅዋት ተረፈ ምርት ጋር ወዲያው የሚስማማ ቀለም። ለመጀመሪያ ሙከራ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ጥጥ ማቅለሚያ ቤቶች የሚደፉት ሪአክቲቭ ማቅለሚያ ኔጌቲቭ ነው! ሜቲሊን ብሉ ላይ 99 ያመጣ ልጣጭ እዚያ ሲደርስ 10 በመቶም ላያመጣ ይችላል። ቀላሉን ፈተና ወስዶ ከፍተኛ ውጤት ማምጣት ማለት እንዲህ ነው።

ለኔጌቲቮቹ የሚስማማ የተፈጥሮ ነገር የለም ማለት አይደለም። የሽሪምፕና የሸርጣን ቅርፊት ውስጥ ኪቲን አለ፤ እሱ በጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ ኪቶሳን ይሆናል። ኪቶሳን አሚን የሚባሉ ስብስቦች ስላሉት ትንሽ አሲዳማ በሆነ ውሃ ውስጥ ፖዘቲቭ ይሆንና ኔጌቲቮቹን ቀለሞች ለቀም ለቀም ያደርጋል። አመሉ ምንድነው፣ አሲዱ በዛ ሲል ራሱ ይሟሟል፤ ስለዚህ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያስር ኬሚካል ይጨመርበታል። በሌላ በኩል ቤንቶናይት የሚባለው የሸክላ አፈር ዓይነት ንጣፍ በንጣፍ የተደራረበ ኔጌቲቭ ገጽ አለው፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ፖዘቲቭ ቀለም በንጣፎቹ መካከል ይገባል። ከብዙ ልጣጭ የበለጠ ይይዛል። ግን እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከውሃው መልሶ መለየቱ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ሌላው ሁሉን የሚገለባብጠው ነገር ፒኤች ነው፤ የውሃው አሲዳማነት መለኪያ ማለት ነው፣ 7 መሃሉ ሲሆን ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ውሃው አሲዳማ ነው። አሲድ ሲጨመር ውሃው ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን ይበዛል። ካርቦክሲሉ ሃይድሮጅኑን መልሶ ይይዝና ኔጌቲቭነቱን ያጣል። ያን ጊዜ ሜቲሊን ብሉን የሚስብ ነገር ይቀንሳል፣ ኔጌቲቮቹን ቀለሞች የሚገፋውም እንደዚያው። ስለዚህ «በፒኤች 2 ሪአክቲቭ ቀለም አስወገድን» የሚል ሪፖርት ስታዩ ማመን ትችላላችሁ፣ ግን አንድ ነገር አስቡ። ከጥጥ ማቅለሚያ የሚወጣው ፍሳሽ በአብዛኛው ቤዛማ (የአሲዳማ ተቃራኒ) ነው፣ ፒኤቹ 9 ወይም 10 ወይም ከዚያም በላይ። ያን ሁሉ ውሃ ወደ 2 ለማውረድ አሲድ ልትገዙ ነው፣ ወደ ወንዝ ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ወደ 7 ለመመለስ ሶዳ። ልጣጩ ነፃ ሆኖ አሲዱና ሶዳው ያስከፍላችኋል።

ጨውም አለ። የቤተ ሙከራው ውሃ ብዙውን ጊዜ የተጣራ ውሃና አንድ ቀለም ብቻ ነው። የእውነቱ ፍሳሽ ግን በሊትር በአስር ግራሞች የሚቆጠር ጨው፣ ሳሙና መሰል ነገር፣ ስታርች፣ ሦስት አራት ዓይነት ቀለም ተደባልቆ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሞቅ እንዳለ። ገጹን እንደ አውቶቡስ አስቡት፤ ወንበሩ የተቆጠረ ነው፣ ቆሞ መሄድ የለም። የጨው ሶዲየም አዮኖችም ወንበር ይፈልጋሉ፣ እነሱ ደግሞ ከቀለሙ በቁጥር እጅግ ይበዛሉ። ኢርቪንግ ላንግሙየር የተባለ ኬሚስት በ1918 በቀመር ያስቀመጠው የወንበሩን ጉዳይ ነው፦ ቦታው ውስን ነው፣ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ሞሌኪውል ብቻ ይይዛል፣ ሁሉም ሲሞላ ያበቃል። በገጽ ኬሚስትሪ ሥራው በ1932 የኖቤል ሽልማት ወስዷል።

ወንበሩ ከገባችሁ በመቶኛው ላይ ያለኝን ቅሬታ ትረዱኛላችሁ። ሁለት ሙከራ ላሳያችሁ፣ ቁጥሩን እኔ ነኝ ለማሳያ ያወጣሁት። በመጀመሪያው 100 ሚሊ ሊትር ውሃ አለ፣ በሊትር 10 ሚሊግራም ቀለም ያለበት። ስለዚህ ጠቅላላ ቀለሙ 1 ሚሊግራም ነው። አንድ ሙሉ ግራም ልጣጭ ጨመርንበትና 99 በመቶው ተያዘ። በሁለተኛው ውሃው ያው 100 ሚሊ ሊትር ሆኖ ቀለሙ በሊትር 200 ሚሊግራም ነው፣ ጠቅላላው 20 ሚሊግራም። የጨመርነው ግን 0.1 ግራም ብቻ ነው፣ የተያዘውም 60 በመቶ። የትኛው ይሻላል? ዜናው ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ነው። አሁን ግን አካፍሉት። የመጀመሪያው በአንድ ግራም የያዘው 0.99 ሚሊግራም ነው። ሁለተኛው 12 ሚሊግራም በ0.1 ግራም ያዘ፤ ይኼ በአንድ ግራም 120 ሚሊግራም ማለት ነው። 121 እጥፍ! ወንበሩን ካበዛችሁት እኮ የትኛውም አውቶቡስ ተሳፋሪ ውጭ አያስቀርም።

በእርግጥ ይህም ንጽጽር እንከን አለው። ሁለተኛው የተፈተነው በወፍራም ቀለም ስለሆነ ወንበሮቹ በደንብ የመሙላት ዕድል አግኝተዋል። ትክክለኛው ማወዳደሪያ በመጨረሻ ውሃው ውስጥ የቀረው ቀለም እኩል ሲሆን በግራም ስንት ሚሊግራም ተያዘ የሚለው ነው። በሳል ጽሑፍ ከሆነ ይህንን በኩርባ መልክ ያሳያችኋል። ኩርባውን ካላገኛችሁና በመቶኛ ብቻ ካገኛችሁ፣ ቁጥሩን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት።

አለካኩ ላይም ወጥመዶች አሉ፣ ትንሽ ይመስላሉ ግን ውጤት ያበላሻሉ። ለምሳሌ ከሙከራው በኋላ ውሃውን ከሰጋቱራው ለመለየት በማጥለያ ወረቀት ታሳልፉታላችሁ እንበል። ወረቀቱ ከምንድነው የተሠራው? ከሴሉሎስ! ሜቲሊን ብሉን እሱም ይይዛል። ሳይጠረጠር የወረቀቱ ሥራ ለሰጋቱራው ይመዘገባል ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ሰጋቱራ ያልገባበት ያው ቀለም ያለው ውሃ በዚያው ወረቀት አልፎ መለካት አለበት። ሌላው ደግሞ ሜቲሊን ብሉ እንደ ግሉኮስ ያለ ስኳር ቤዛማ ውሃ ውስጥ ካገኘው ቀለም አልባ ወደ ሆነ መልኩ ይቀየራል፤ አየር ሲያገኝ ተመልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ ከዓይን ጠፋ እንጂ ከውሃው አልወጣም።

ልጣጩ ራሱም ቀለም እንደሚለቅ አትርሱ። ያልታጠበ ልጣጭ ወይም ሰጋቱራ ውሃ ውስጥ ስትከቱ ታኒንና ስኳር ይለቅና ውሃው ሻይ መሰል ይሆናል። ማቅለሚያ አወጣን ብላችሁ ኦክስጅን የሚጨርስ ሌላ ቆሻሻ ጨመራችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሥራው ሁሌ በማጠብ የሚጀምረው፦ ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ማጠብ ወይም መቀቀል፣ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ በወንፊት መንፋት። አንዳንዱ ከዚያ አልፎ በትንሽ አየር አሙቆ ባዮቻር (ከሰል መሰል ነገር) ያደርገዋል፣ ይህ መልቀቁን ይቀንሳል። በሎሚ አሲድ አሙቆ ተጨማሪ ካርቦክሲል መለጠፍም ይቻላል፣ አቅሙ በደንብ ይጨምራል። ግን በእያንዳንዱ እርምጃ «ነፃ» ያልነው ዕቃ ዋጋ እያወጣ ነው፣ ማጠቢያው ውሃም ራሱ ፍሳሽ ነው።

ወደ ትልቅ ሥራ ሲመጣ በባልዲ ማማሰል የለም። ፍሬ ፍሬ የሆነው ዕቃ ረጅም ቱቦ ውስጥ ይሞላና ውሃው በላዩ ይፈስበታል። መጀመሪያ የሚሞላው ውሃው የሚገባበት በኩል ያለው ነው፣ ከዚያ የሞላው ክፍል ቀስ እያለ ወደ መውጫው ይጠጋል፣ አንድ ቀን መውጫው ላይ ቀለም ብቅ ይላል። ያኔ መቀየር ነው። ሁለት ቱቦ ማከታተል ብልህነት ነው፤ የመጀመሪያው ጥግብ እስኪል ሁለተኛው ያመለጠውን ይለቅማል። ዱቄት ከሆነ ግን ይደፍናል፣ ያልታከመ ልጣጭ ከሆነ ደግሞ ያብጣል፣ ሲቆይም ይሸታል።

አሁን ያችን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር እናምጣት። ቀለሙ ቦታ ነው የቀየረው። አንድ ማቅለሚያ ቤት በቀን 1000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያወጣል እንበል፣ በሊትር 50 ሚሊግራም ቀለም ያለበት። በቀን 50 ኪሎ ቀለም ነው። የምትጠቀሙት ዕቃ በእውነተኛው ፍሳሽ ውስጥ በግራም 50 ሚሊግራም ቢይዝ፣ ይህም ለልጣጭ መጥፎ አይደለም፣ በቀን አንድ ቶን ደረቅ ዕቃ ያስፈልጋችኋል። ማታ ላይ የሚወጣው ደግሞ ደረቅ አይደለም፤ ውሃ ጠጥቶ ብዙ እጥፍ የከበደ፣ ባለቀለም ጭቃ ነው። በማግስቱም ሌላ አንድ ቶን። የት ነው የሚሄደው? ብዙ ጽሑፍ እዚህ ጋ ዝም ይላል፣ እኔን የሚያናድደኝም ይኼ ነው።

ሜዳ ላይ ብትደፉት ዝናብ አጥቦ ቀለሙን መልሶ ይወስደዋል። ብታቃጥሉት፣ ደርቆ ከሆነ ጥሩ ይነዳል፣ ግን ማቅለሚያው ውስጥ ናይትሮጅንና ድኝ ስላለ ጭሱ ተገቢ ምድጃና ማጣሪያ ይፈልጋል። አጥባችሁ መልሳችሁ ልትጠቀሙበትም ትችላላችሁ፦ ፖዘቲቩን ቀለም በአሲድ፣ ኔጌቲቩን በሶዳ ማስለቀቅ ይቻላል። ያን ጊዜ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ትንሽ ግን በጣም የወፈረ የቀለም ፈሳሽ ነው። ችግሩ አልጠፋም፣ ግን ከ1000 ሜትር ኩብ ወደ ጥቂት በርሜል መጠቅለሉ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ልጣጭና ሰጋቱራ የሚያምርባቸው የመጨረሻ ማጣሪያ ሲሆኑ ይመስለኛል። መጀመሪያ ባክቴሪያው የሚበላውን ይብላ፣ የሚያረጋ ኬሚካል የሚያወርደውን ያውርድ፤ ኢንዲጎን (የጂንስን ሰማያዊ ማቅለሚያ) የመሰሉ ውሃ ውስጥ በደንብ የማይሟሙ ቀለሞች እዚያው ቢወርዱ ይሻላል። የቀረችውን ቀጭን ቀለም ደግሞ ልጣጩ ይልቀማት። በቀን ጥቂት መቶ ሊትር ብቻ የሚያወጣ ትንሽ ማቅለሚያ ቤት ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለያል። ከላይ ባለው ስሌት 500 ሊትር ግማሽ ኪሎ ዕቃ ነው የሚፈልገው፣ ይህን ማንም ሰው ይችለዋል።

ላገለገለው ዕቃ ደግሞ አንድ የምወደው መንገድ አለ። እንጨት የሚያበሰብሱ ነጭ አበስባሽ የሚባሉ ፈንገሶች አሉ። ሊግኒንን ለመስበር የሚያወጧቸው ኤንዛይሞች መራጭ አይደሉም፣ ብዙ ማቅለሚያዎችንም አብረው ይሰብራሉ። ቀለም የጠገበ ሰጋቱራ ወይም ገለባ እርጥብ ሆኖ ፈንገሱ ሲዘራበት፣ ሰጋቱራው ምግቡ ይሆናል፣ ቀለሙም አብሮ ይበላል። ሳምንታት ይፈጃል፣ ሁሉንም የማቅለሚያ ዓይነት እኩል አይሰብርም፣ በመጨረሻም ምን እንደቀረ መመርመር ያስፈልጋል። ለቤንቶናይት አይሆንም፤ ሸክላ ለፈንገስ የሚበላ ነገር የለውም።